ማጣሪያውን ከመግዛቴ በፊት ውሃዬን ማወቅ ነበረብኝ

የምንኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ነው። እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ እኛም ውሃው በመጣበት ሌሊት ማማ ላይ የተሰቀለውን 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ እንሞላና የቀሩትን ቀናት ከዚያ እንጠቀማለን። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የአምስት ዓመት ልጃችን በሁለት ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ጃርዲያ ተገኝቶበት መድኃኒት ሲጀምር፣ ከእንግዲህ ያልተጣራ ውሃ በቤታችን አይጠጣም ብለን ወሰንን። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የሄድንበት መንገድ ግን ብዙ ገንዘብና አንድ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አስከፍሎናል። ይህንን የምጽፈው ሌላ ወላጅ ያንን ዓመት እንዳይደግመው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገርነው ሻጭ ቤታችን ድረስ መጥቶ አንድ ሙከራ አሳየን። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አንዱ ከእኛ ቧንቧ የተቀዳ፣ ሌላው በእርሱ ማሽን የተጣራ ነው። ከዚያም የብረት ዘንጎች የተገጠሙለትን ትንሽ መሣሪያ በሁለቱም ብርጭቆዎች ላይ ደፍቶ ሶኬት ላይ ሰካው። አንድ ደቂቃ ያህል እንደቆየ የእኛ ውሃ የዝገት ቀለም ያዘ፣ ላዩ ላይም አረንጓዴ ዝቃጭ ተንሳፈፈ፤ የእርሱ ግን እንደጠራ ቀረ። ባለቤቴ ብርጭቆውን እያየች «ልጄን ሳጠጣው የኖርኩት ይህንን ነው?» ብላ አለቀሰች። በዚያው ሳምንት የሁለት ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ ከፍለን ማሽኑን ገዛን።

ነገሩ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። ያ ቀለምና ዝቃጭ ከውሃው ሳይሆን ከዘንጎቹ የወጣ ብረት ነው። ማንኛውም የሟሙ ማዕድናት ያሉበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ብረቱ ይበላና ይዝጋል፤ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ግን ኤሌክትሪክ እምብዛም ስለማያስተላልፍ ምንም አይታይበትም። ይህንን ለማረጋገጥ በሁለት ምስማርና በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከዚያው ማሽን በወጣ ንጹሕ ውሃ ላይ ሞከርኩት፤ ምንም አልተለወጠም። ቆንጥሬ የወጥ ቤት ጨው ስጨምርበት ግን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከቧንቧው ውሃ የባሰ ደፈረሰ። ሻጮች የሚይዙት ቲዲኤስ የተባለው መለኪያም የሚያነበው የሟሙትን ማዕድናት ብቻ ነው። የእኛ ውሃ በሊትር 140 ሚሊግራም አካባቢ አሳየ፤ ይህ ለመጠጥ ምንም ችግር የሌለበት መጠን ሲሆን፣ በውስጡ ተህዋስያን ይኑሩ አይኑሩ ግን ቁጥሩ አይናገርም። እናት በልጇ ጤና ስትሰጋ እያዩ በዚህ ዓይነት ማሳያ መሸጥን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

የገዛነው በተለምዶ አር ኦ የሚባለውን፣ ውሃን በእጅግ ረቂቅ ሽፋን ውስጥ በግፊት እያሳለፈ ጨውና ማዕድን ሳይቀር የሚለየውን ዓይነት ነበር። እንደተገጠመ ሁለት ሊትር የሚይዝ ጆግ ለመሙላት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ። ወደ ፍሳሽ የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ከትቼ ብጠብቅ ጆጉ ሳይሞላ ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ በፈረቃ የምናገኘው ውሃ ቀንና ሌሊት ወደ ቦይ ይወርድ ነበር። ማሽኑ አልተበላሸም። አር ኦ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው፤ ከማማ የሚወርድ ውሃ ግን በ10 ሜትር ከፍታ የሚያገኘው 1 ባር ገደማ ብቻ ነው። የእኛ ሮቶ ከወጥ ቤቱ ቧንቧ የሚበልጠው በ5 ሜትር ስለሆነ የነበረን ግማሽ ባር ነበር። የተጣራው ውሃ የሚጠራቀምበት ትንሽ ጋን በውስጡ የታመቀ አየር ስላለው፣ ያንን አየር ገፍቶ ለመግባት እንኳ የእኛ ግፊት አይበቃም ነበር። ጋኑ ስለማይሞላም ፍሳሹን የሚዘጋው ቫልቭ አንድ ቀንም አልዘጋም። ግፊት የሚጨምር ፓምፕ ማስገጠም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ያለ ውሃ ልንቀር ነው።

መፍትሔውን ያሳዩኝ በሰፈራችን ለረጅም ዓመታት በቧንቧ ሥራ የቆዩ አንድ አዛውንት ናቸው። ወጥ ቤት ገብተው ማሽኑን ጥቂት ተመለከቱና «ልጄ፣ ማጣሪያው ምን አደረገህ? መጀመሪያ ሮቶውን ክፈተው» አሉኝ። መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ክዳኑ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ ውስጡን በባትሪ ሳበራ ግድግዳው ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ለብሷል፤ ክንዴን እስከ ብብቴ ሰድጄ ወለሉን ስነካው ጣቶቼ ጭቃ ውስጥ ሰጠሙ። ሮቶው ከተገጠመ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ቀን ታጥቦ አያውቅም።

ከማጠቤ በፊት ውሃውን ማስመርመር እንዳለብኝ የመከሩኝም እርሳቸው ናቸው። ከላብራቶሪ የተሰጠኝን ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ይዤ፣ አንዱን ውሃ በመጣበት ሌሊት ከመንገዱ መስመር፣ ሌላውን ከሮቶው መውጫ ቀድቼ በበረዶ ውስጥ አድርጌ በዚያው ጠዋት አደረስኩ። የመስመሩ ውሃ ክሎሪን ነበረው፤ ውሃ በሰገራ መበከሉን የሚጠቁመው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያም አልተገኘበትም። የሮቶው ውሃ ግን ክሎሪኑ ጠፍቶ ኢ ኮላይ ተገኘበት፤ ለመጠጥ ውሃ የሚፈቀደው ደግሞ በ100 ሚሊሊትር ዜሮ ነው። ውሃችንን እናበላሽ የነበርነው ራሳችን፣ በገዛ ግቢያችን ነበር። ያንን ወረቀት አንብቤ የተሰማኝ ሐዘን ሻጩ ካሳየን ብርጭቆ ይበልጣል። በእርግጥ የጃርዲያን ተህዋሲ እንዲህ ያለው ምርመራ አይፈልገውም፤ ነገር ግን የሰገራ ብክለት ባለበት ውሃ ውስጥ እርሱም ሊኖር እንደሚችል መገመት ግድ ነው፤ ክሎሪንም በቀላሉ አይገድለውም።

ሮቶውን አራግፈን በብሩሽና በንጹሕ ውሃ ከፈገፈግን በኋላ በድጋሚ ሞልተን በረኪና ጨመርንበት። 5 በመቶ ክሎሪን ያለበት፣ ሽቶ ያልገባበት በረኪና ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ይበቃል፤ ስለዚህ ለእኛ ሁለት ሊትር ሆነ። በየቧንቧው የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍተን ዘጋነው፣ አሳደርነው፣ በማግሥቱም ሁሉንም ደፍተን አለቀለቅነው። በዚያ ሌሊት ከቧንቧው ማንም እንዳይጠጣ በየቦታው ወረቀት ለጥፈን ነበር። ክዳኑን ለወጥን፤ አዛውንቱም መውጫውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገው፣ ዝቃጭ ማስወገጃ ቫልቭ ከታች ጨመሩልን። አሁን በየስድስት ወሩ እናጥበዋለን።

ከዚያ በኋላ ነው ማጣሪያ የመረጥኩት፤ በዚህ ጊዜ ምን ለማውጣት እንደምፈልግ አውቄ ነበር። ማዕድኑ ችግር አልነበረም። ማውጣት ያለብኝ ጭቃውን፣ ሽታውንና ተህዋስያኑን ነው፤ ይህም በግማሽ ባር መሆን ነበረበት። የገጠምኩት ሦስት ቤት፣ ማለትም ሦስት የማጣሪያ መያዣ ያለው ነው፤ መጀመሪያ ደለሉን የሚይዝ የ5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ክር፣ ቀጥሎ ከሰል፣ በመጨረሻም 0.01 ማይክሮን ቀዳዳ ያላቸው ጥቃቅን ቱቦዎች የታጨቁበት፣ አልትራፊልትሬሽን የሚባለው ክፍል። የጃርዲያ ተህዋሲ ስፋቱ በማይክሮን ሲለካ ከ5 በላይ ስለሆነ በዚህ ማለፍ አይችልም፤ ባክቴሪያም እንዲሁ። ከሮቶው በፊት መግጠም እንደሚሻል የነገሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ ስሕተት ነው። ከሰል ክሎሪንን ስለሚያስቀር፣ ክሎሪን ያጣ ውሃ ሮቶ ውስጥ ለቀናት ሲቀመጥ ተህዋስያን በነፃነት ይራቡበታል።

ገጠማው ከባድ አልነበረም። ሁለት ነገር ብቻ አስቸገረኝ። የመጀመሪያው ቤት ሥሩ ላይ ያንጠባጥብ ነበር፤ እኔም አጥብቄ አጥብቄ ፕላስቲኩን ልሰብረው ደረስኩ። ምክንያቱ ቀለበት ጎማው ደርቆ በቦታው አለመቀመጡ ነበር፤ ለምግብ ዕቃ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት በስሱ ቀብቼ በእጅ ብቻ ሳጠብቀው ቆመ። ቫዝሊን ግን ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል። ሁለተኛው፣ ከአዲስ ከሰል መጀመሪያ የሚወጣው ጥቁር ውሃ ነው፤ አቧራው እስኪያልቅና ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ለብቻው ማፍሰስ እንጂ ወደ ቀጣዩ ክፍል ማሳለፍ አይገባም፤ ቱቦዎቹን ይደፍናቸዋል።

ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ብልሽት የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። ሮቶው ባዶ ሆኖ ውሎ ሲሞላ ማጣሪያው ጠብታ እንኳ አልሰጥ አለ። ክሩን ቀየርኩ፣ ከሰሉን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ለካስ የረጠቡት ጥቃቅን ቱቦዎች ውሃ እንጂ አየር አያሳልፉም፤ ሮቶው ሲደርቅ መስመሩ ውስጥ የገባው አየር ከፊታቸው ተወትፎ ውሃውን አግዶታል። በማጣሪያው ቤት አናት ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ስጫናት አየሩ እየፏጨ ወጣ፤ ውሃውም ወዲያው ወረደ። ለዚህ ብዬ ያለ ጥፋታቸው የጣልኳቸው ሁለት ካርትሪጆች አሁንም ይቆጩኛል።

የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ክሩ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቡናማ ሆኖ ተደፈነ፤ በበጋ ግን አራት ወር ይቆያል። መስመሩ ባዶ በሚሆንበት ጊዜ በየስንጥቁ ጭቃ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ፣ ውሃው ሲመለስ ያንን ጠርጎ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ውሃ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ለወለል ማጠቢያ በርሜል እናደርገዋለን፤ ከሮቶው በፊትም ታጥቦ የሚመለስ የሽቦ ወንፊት አስገጥመናል። ማጣሪያው በተበላሸ ቀን እናፈላለን። የአዲስ አበባ ከፍታ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንተወዋለን።

አር ኦው በካርቶኑ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ቆየ። ለፋሲካ ስምጥ ሸለቆ ወደምትኖረው እህቴ ቤት ስንሄድ ግን የትልቋ ልጇ ጥርስ በቡናማ ነጠብጣብ መዥጎርጎሩን አየሁ። የሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ነው። ናሙና ወስጄ ሳስመረምር፣ ሲበዛ ጥርስን እንዲህ የሚያዥጎረጉረው ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን በሊትር ከ4 ሚሊግራም በላይ ሆነ፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ነው። እኔ ለልጄ የገጠምኩት ማጣሪያ ፍሎራይድን አይነካም፤ ማፍላትም ውሃውን ስለሚያተን ይብሱን ያከማቸዋል። አር ኦ ግን አብዛኛውን ያወጣዋል። እርስዋ ጋ የጉድጓዱ ፓምፕ 3 ባር ይሰጣል፤ መብራት ሲጠፋም በጋኑ የተጠራቀመው ለመጠጥ ይበቃል። ማሽኑን አዲስ ሽፋን ገዝቼ ወስጄ ገጠምኩላት፤ ከእርሱ የወጣውን ውሃ ሳስመረምር ከ0.5 በታች ነበር። ፍሳሹ የተከማቸ ፍሎራይድ ስለያዘ ለወለልና ለመጸዳጃ ብቻ እንድታውለው አስጠነቀቅኳት። የትልቋ ልጅ ጥርስ በዚህ አይመለስም። ትንሹ ግን ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቋሚ ጥርሶቹ ድዱ ውስጥ እየተሠሩ ያሉት አሁን ነው፤ እህቴም ወተቱን የምትበጠብጥለት በዚያ ውሃ ብቻ ነው።