አናቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው? የፊርማ ማሰባሰብ ልምዳችን ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁም። የሰፈራችን ቦኖ ተከፈተ! ግቢው ውስጥ ቧንቧ ላለው ሰው ይሄ ወሬ ላይሆን ይችላል፣ ቦኖ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከክረምት በፊት ጀምሮ ተቆልፎ የከረመ ነው፣ እናቶች 20 ሊትር ጀሪካን አዝለው ሌላ ቀበሌ ድረስ ሲመላለሱ፣ ብር ያለው ደሞ በባጃጅ የሚመጣ ውሃ ሲገዛ ነው የከረመው። አሁን ጠዋትና ማታ ይከፈታል፣ የሚከፈትበት ሰዓትም ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል። ይሄ የመጣው በደብዳቤና በፊርማ ነው። በጣም ደስ ብሎኛል፣ ኮርቻለሁም፣ እና ክበብ ለመጀመር የምታስቡ ልጆች በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ እንዴት እንደሄድንበት ባንድ ላይ ልጻፈው።

የመጀመሪያውን ጊዜ ባጭሩ ልለፈው። ክበባችን መምህራን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ጡረተኞችም ያሉበት ነው፣ ተራማጅ ነን ብለን የተሰባሰብን ሰዎች። ለረጅም ጊዜ ስራችን ንባብና ክርክር ነበር፣ ስለ 1957ቱ የመሬት ላራሹ ሰልፍ፣ ስለ 1966ቱ አብዮት፣ የሚስት ስምና ፎቶ በመሬት ደብተሩ ላይ ከባሏ እኩል ስለመስፈሩ ምናምን፣ ቡና ይፈላል፣ እንከራከራለን፣ እንለያያለን። በመሃል የጸጥታው ነገር ሲበላሽ መሰብሰቡም ቀረ። እንደገና ስንገናኝ ከጡረተኞቹ አንዱ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ "ስለ ሰፊው ሕዝብ ስትነጋገሩ ሁልጊዜ እሰማለሁ፣ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ያለችው ሴትዮ ግን ውሃ የላትም" አሉን። ማንም መልስ አልነበረውም። በቃ የዛን ቀን ቦኖው አጀንዳችን ሆነ።

ደብዳቤ መጻፉ ብዙ አያስቸግርም፣ ጉዳዩ አንድ ይሁን፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ የምትጠይቁት ነገር በአንድ አረፍተ ነገር ይቀመጥ። እኛን ያስቸገረን ፊርማው ነው፣ ብዙውን የምጽፈውም ስለሱ ነው።

ሰው ስለ ውሃው ስታወሩት ይቆጣል፣ ያማርራል፣ ከኛ በላይ ዝርዝሩን ያውቃል፣ ወረቀቱ ሲወጣ ግን ፊቱ ይለወጣል። "ባለቤቴ ሲመጣ"፣ "መጀመሪያ እነ እንትና ይፈርሙ"፣ "እስቲ ነገ"። ነገ ስትሄዱ በሩ አይከፈትም። አንዳንድ አባሎቻችን "ሕዝቡ ንቃት የለውም" ማለት ጀመሩ። እኔ ይሄን አባባል ፈጽሞ አልቀበለውም። ሰው የሚፈራበት ምክንያት አለው። በቀይ ሽብር ጊዜ ስሙ ዝርዝር ላይ በመገኘቱ ብቻ ወንድሙን ልጁን ያጣ ቤተሰብ እዚህም እዚያም አለ፣ ወረቀት ላይ ስም ማስፈር ለነሱ ተራ ነገር አይደለም፣ አሁን ያለንበት ጊዜም ቢሆን የሚያስደፍር አይደለም።

አንድ ቀን ከልብስ ሰፊዋ ጋር አንዲት እናት ግቢ ገባን። ጌሾ እየወቀጡ ነበር፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ማንበብ አይችሉም። ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙረው፣ ጣታቸውን የመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፈው "እዚህ አናቱ ላይ ያለው የማን ስም ነው?" አሉኝ። የአንድ መምህር ስም ነበር፣ ነገርኳቸው። ጣታቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው "ከሱ ቀጥሎስ?" አሉ፣ ከዛም ቀጥሎ ያለውን፣ እስከ አራተኛው ድረስ ጠየቁኝ። መጨረሻ ላይ "አንች ልጅ፣ ውሃውንስ እፈልገዋለሁ። ሲጠሩ ግን ከላይ ጀምረው ነው የሚጠሩት" ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ማታ ይሄን እንዳለ ለክበቡ አወራሁት። መፈረሙን እሺ ይላሉ፣ ቀዳሚ መሆኑን ነው የሚፈሩት። ታሪክ የሚያጠና አንድ ተማሪ አባል አለን፣ እሱ ታዲያ በጃፓን በቶኩጋዋ ዘመን ገበሬዎች ለአድማ ሲስማሙ ስማቸውን እንደ ጃንጥላ ሽቦ ዙሪያውን ይጽፉ እንደነበር፣ ማን መሪ ማን ተከታይ እንደሆነ እንዳይታወቅ፣ የእንግሊዝ መርከበኞችም በአለቆቻቸው ላይ አቤቱታ ሲያቀርቡ በክብ ይፈርሙ እንደነበር ነገረን። እኔ እንደሰማሁት ነው ልቤ የሄደው። አብዛኛው ግን "የኛ ቢሮ ይሄን አይቀበልም" አለ፣ ብዙ ተከራከርን፣ እንሞክረው ተባለ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ኤ ፎር ወረቀት ላይ ሳህን ደፍታችሁ ክብ ታሰምራላችሁ፣ የሻይ ማስቀመጫውን ትንሹን ሳህን ያዙ፣ ትልቁ ለስም ቦታ አያስቀርም። ክቡ ውስጥ ጥያቄው ይጻፋል፣ የኛ "ቦኖው ይከፈትልን፣ የሚከፈትበት ሰዓት ይለጠፍልን" የሚል ነበር፣ ሌላ ምንም የለበትም። ሰው ከክቡ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውጭ ስሙን ይጽፋል፣ ወረቀቱን እያዞረ ክፍት ያገኘው ቦታ ላይ፣ ቀድሞ ከፈረመው ሰው አጠገብ የግድ መሆን የለበትም። የማይጽፍ ሰው ስሙ ተጽፎለት አሻራውን ያኖራል፣ ስለዚህ የማህተም ቀለሙንና እርጥብ ጨርቅ አትርሱ፣ እናቶች ጣታቸው ቀለም እንደተቀባ ሊጥ መንካት አይችሉም። ከ25 እስከ 30 ስም በአንድ ገጽ ይገባል፣ ሲሞላ ሌላ ገጽ።

እዛች እናት ጋ ተመልሰን ሄድን። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አዟዟሩት፣ "ይሄ አናት የለውም" አሉ፣ ከዛ በሁለት ስሞች መሃል ያለ ክፍት ቦታ መርጠው አውራ ጣታቸውን ተጫኑ። ጎረቤታቸውንም እሳቸው ናቸው የጠሩልን። ከዛ በኋላ በየግቢው የነበረው ነገር ሌላ ነው፣ ሰው ራሱ ወረቀቱ የት ደረሰ እያለ ይጠይቀን ጀመር።

ክቡ ሰው አይደብቅም፣ ይሄን ልብ በሉ። ስም ስም ነው፣ መፈለግ የፈለገ ያገኘዋል፣ ለሰዎቹም ይሄንኑ በግልጽ ነው የምንነግራቸው። ያደረገው ነገር ቢኖር ሁሉንም እኩል ማስቀመጡ ነው፣ ለመጀመር የሚሆን ድፍረት ከአንድ ሰው ላይ መጠበቁ ቀረ።

ቢሮ ስንሄድ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ "ተወካይ ከሌለው አልቀበልም" አለች። እውነቷን ነው፣ ስልክ የሚደወልለት ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ ሦስት የክበቡ አባላት ስማችንንና ስልካችንን አስቀምጠን መሸኛ ደብዳቤ ጻፍን፣ ክቦቹ አባሪ ሆኑ። እኔ በበኩሌ ትክክለኛው አካሄድ ይሄ ነው እላለሁ፣ ተራማጅ ነኝ የሚል ሰው ራሱ ፊት ይቁም እንጂ ውሃ የጠማቸውን እናት ፊት አያሰልፍ። በነገራችን ላይ ቀሪው ላይ፣ ማለትም እናንተ ጋ በሚቀረው የደብዳቤው ቅጂ ላይ፣ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤት እንዳትወጡ፣ በሞቴ። ቆይቶ "እንዲህ የሚባል ደብዳቤ አልደረሰንም" ተብለናል፣ ቀሪውን አውጥተን ጠረጴዛው ላይ ስናስቀምጠው ነው ወሬው የተለወጠው። ግልባጭም ከአንድ በላይ ለሆነ መስሪያ ቤት አድርጉ። ደብዳቤው ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 30 ጠቅሰናል፣ ሰው ስለ ሰልፍ ብቻ ይመስለዋል እንጂ እዛው ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብትም በግልጽ ተጽፏል።

"አቤት ማለት ምን ያመጣል" የሚሉ ሽማግሌዎች በየቤቱ ያጋጥማሉ፣ ክርክሩ ላይ ጋሼ ናቸው የሚረዱን። የ1960ውን የጎጃም ገበሬ አመጽ ያነሱባቸዋል፣ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ሲነሳ። ገበሬው መሬቴ ይለካብኛል፣ ርስቴን ልቀማ ነው ብሎ ሰግቶ መጀመሪያ ሽማግሌ ልኮ አቤት ብሏል፣ የሚሰማው ሲያጣ ነው ጠመንጃ ያነሳው፣ ጦር ዘመተበት፣ በአውሮፕላን ተደበደበ፣ ብዙ ሰው አለቀ። መጨረሻ ላይ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሱ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ጋሼ ይሄን ተናግረው "ያኔ አቤቱታውን ሰምተውት ቢሆን ያ ሁሉ ሰው ይተርፍ ነበር" ሲሉ ቤቱ ጸጥ ይላል። እኔም ስለ ደብዳቤ እንዲህ የምጨነቀው ለዛ ነው፣ ወረቀት ሰሚ ሲያገኝ ሰው አይሞትም።

ሌላ ሌላ ምክር ካላችሁኝ፣ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚሰበሰብ ፊርማ ለእንዲህ ያለ የሰፈር ጉዳይ አልወድም፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው የኛን ቦኖ መፈረሙ ቢሮው ዘንድ ክብደት የለውም። የእድር ሊቀመንበር "እኔ በሁሉም ስም ልፈርም" ሲል አመስግናችሁ እምቢ በሉ፣ በተለይ ሴቶቹ ራሳቸው ይፈርሙ፣ ውሃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው። ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ሳይነበብለት ማንንም አታስፈርሙ። አበል እየከፈላችሁ ሰው አትሰብስቡ፣ አበሉ ሲቀር ሰውም ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር እስካሁን ድረስ በር ማንኳኳት ያስጨንቀኛል። ስብሰባ ላይ መናገር አይከብደኝም፣ ደብዳቤም እጽፋለሁ፣ የሰው በር ላይ ስቆም ግን ሆዴ ይሸበራል፣ ልብስ ሰፊዋ ባትኖር ብዙ ቤት አልፌ እሄድ ነበር። ሁሉም ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቃት ናት፣ የቀሚስ ልክ ስትወስድ ስለ ቦኖው ታወራለች። እንደሷ ያለ ሰው ሳትይዙ ባትጀምሩት እመርጣለሁ።

አሁን የያዝነው የመንገድ ዳር ቦዩን ነው፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፉ የታችኛው ሰፈር ቤት ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ያልፈታነው ነገር ተከራዮች ናቸው። ጎርፉ በብዛት የሚገባው እነሱ ቤት ነው፣ ግን የቀበሌ መታወቂያ የሌላቸው ብዙ ናቸው፣ አከራዩ ሰምቶ እንዳያስወጣቸውም ይፈራሉ፣ ክቡም ለዚህ መልስ አልሆነም። አከራዮቹን አስቀድመን እናነጋግር የሚሉ አሉ፣ እኔ ደሞ ተከራዮቹ ብቻቸውን ተሰብስበው ይምከሩ ባይ ነኝ። ባሕር ዳርም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ዳንግላ ተከራይ አስፈርማችሁ የምታውቁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ፣ ክረምቱ ሳይገባ ደብዳቤውን ማስገባት አለብን።