ደቅን ከማዶ ሳስባት

በጣና ካሉት ደሴቶች ሰፊዋ ደቅ ናት። ነዋሪዎቿ ያርሳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ለገበያም ሆነ ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሚሻገሩት በውኃ ላይ ነው። ሰሞኑን ስለ ሐይቁ የሚነገረው ሁሉ ከእምቦጭ ተነሥቶ እምቦጭ ላይ ማለቁ ስለ ከነከነኝ ይህን እጽፋለሁ።

አረሙ በሐይቁ ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ማሽንም ገብቷል። ድካሙን አላናንቅም። ይሁን እንጂ አረሙን የሚያፋፋው ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ በየክረምቱ ከተራቆተው ደጋና ማዳበሪያ ከለመደው ማሳ ጠርገው የሚያመጡት አፈር ነው። የደቅ ገበሬ የራሱን ማሳ በእርከን ቢያስር እንኳ ርብና ጉማራ የሚነሡበትን የጉናን ተራራ ተዳፋት ሊያስር አይችልም። የደሴት ኑሮ ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል፤ ጉዳቱ ደሴቷ ላይ ይደርሳል፣ ምክንያቱ ግን ከእጇ ውጭ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የሆነውም ከዚህ አይርቅም። ዝናቡ አንሶ ሳለ ለጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ባለው የጨረጨራ ግድብ በር በኩል ውኃ በብዛት በመለቀቁ፣ ሐይቁ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ ከማያውቅ ደረጃ ወረደ፤ መርከቦች ቆሙ፣ ውኃው በሸሸበት ዳርቻ እርሻ ተስፋፋ፣ በዳርቻው የሚበቅለው ደንገልም ተመናመነ። ደንገል ደግሞ ታንኳ ከመሆኑ በፊት ደለል የሚያጣራ፣ ዓሣ የሚራባበት ነው።

ከደቅ አጠገብ ባለችው በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ገዳሙ ደኑን ለዘመናት ጠብቆ አቆይቷል። የሚያሳዝነው ግን የገዳሙ ሥርዓት ሥልጣን ከደሴቲቱ ጠረፍ አያልፍም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን ከዙሪያው የብስ ጋር የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ፣ ማለትም ተፈጥሮና የሰው ኑሮ ተስማምተው እንዲዘልቁ የሚጠበቅ አካባቢ፣ አድርጎ ሲመዘግብ ሐይቁንና ተፋሰሱን አንድ ላይ ማየቱን እወድለታለሁ፤ መዝገቡ ብቻውን ግን እርከን አይሠራም።

እኔ ብጠየቅ፣ ሌላ የአረም ማጨጃ ከመግዛት በፊት የደንገሉን ዳርቻ ከእርሻ ማስለቀቅን አስቀድም ነበር። ዳርቻውን የሚያርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሬት ያነሰው ሰው ስለሆነ፣ የሚተካለት እንጀራ ሳይዘጋጅ ቢነሣ በሚቀጥለው በጋ እዚያው ይመለሳል፤ ይህን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ሲነገር አልሰማሁም።