«አርዲስ» እና መጽሐፈ ሄኖክ የመጣበት መንገድ

በግእዙ መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 6 ላይ 200 መላእክት «አርዲስ» ወደተባለ ስፍራ እንደወረዱ፣ ስፍራውም የአርሞን ተራራ ራስ እንደሆነ ተጽፏል። መጀመሪያ ሳነበው ስሙን እንደማንኛውም የቦታ ስም ቆጥሬ አልፌው ነበር። በኋላ ግን መጽሐፉ ከየት ተነሥቶ በምን በኩል ወደ እኛ እንደደረሰ ከሁሉ በላይ ያስረዳኝ ይኸው አንድ ቃል ሆነ።

እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በሚገኙት የቁምራን ዋሻዎች ውስጥ ከተገኙት ጥንታዊ ጽሑፎች መካከል የሄኖክ መጽሐፍ ክፍሎችም ነበሩ። በአራተኛው ዋሻ ብቻ በአራማይክ ቋንቋ የተጻፉ የ11 ቅጂዎች ቁርጥራጮች ተለይተዋል፤ ፖላንዳዊው ሊቅ ዮዜፍ ሚሊክም እ.ኤ.አ. በ1976 አብዛኞቹን አሳትሟቸዋል። በፊደላቸው ቅርጽ ሲመዘኑ ጥንታውያኑ እስከ 200 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ ይደርሳሉ። በእነዚህ ቁርጥራጮች ውስጥ አርዲስ የሚባል ቦታ የለም። መላእክቱ ወደ አርሞን ራስ የወረዱት «በያሬድ ዘመን» ነው፤ ያሬድም የሄኖክ አባት ነው።

ታዲያ አርዲስ ከየት መጣ? ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከአራማይኩ በተተረጎመው፣ ለግእዙም ምንጭ በሆነው የግሪክኛ ትርጉም ውስጥ «ያሬድ» የሚለው ስምና ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው፣ «ወደ» ማለት የሆነው «ኤይስ» የሚለው ቃል ተጋጥመው እንደ አንድ የቦታ ስም ተነበቡ፤ የግእዙ ተርጓሚም የተቀበለውን በታማኝነት አስተላለፈ። በዚህ ምክንያት የጠፋው የዘመን ምልክት ብቻ አይደለም። በዕብራይስጥ «ያራድ» ማለት ወረደ ማለት ሲሆን፣ ከእኛ «ወረደ» ጋርም ከአንድ ሥር የወጣ ነው። መላእክት በያሬድ ዘመን ወረዱ ሲባል ስሙና ድርጊቱ እርስ በርስ ይጠራሩ ነበር። መጽሐፈ ኩፋሌ ያሬድ በዚህ ስም የተጠራው መላእክት በዘመኑ ስለወረዱ መሆኑን በግልጽ ይናገራል፤ የግእዙ ኩፋሌም ይህን እንደጠበቀ ይዞታል።

መጽሐፈ ሄኖክ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጻፈ ነው ሲባል በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ በቅንነት እንደሚባል ባውቅም ይከነክነኛል። የጻፉት በሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን፣ ማለትም ከባቢሎን ምርኮ መልስ የተሠራው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በቆመበት ጊዜ፣ የኖሩ አይሁድ ናቸው፤ እነርሱም አንድ ሰው ሳይሆኑ በተለያየ ጊዜ የጻፉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። የሰማይ ብርሃናትን አካሄድና የ364 ቀን ዓመትን የሚተነትነው ክፍል ከጥንታውያኑ አንዱ ሲሆን፣ ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የምሳሌዎች ክፍል ግን በቁምራን ጭራሽ አልተገኘም። የይሁዳ መልእክት የሄኖክን ትንቢት በስሙ ጠቅሶ ይናገራል፤ ይህም በመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ዘንድ መጽሐፉ የነበረውን ክብር ያሳያል። ከዚያ በኋላ የአይሁድ መምህራንም ሆኑ የግሪክና የላቲን አብያተ ክርስቲያናት ተዉት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የግእዝ ቅጂዎችን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ከመጽሐፉ የሚያውቁት በግሪክ ጸሐፊዎች የተጠቀሱ ጥቂት ክፍሎችን ብቻ ነበር።

የእኛ ድርሻ መጠበቁ ነው፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግእዝ የተተረጎመው ይህ መጽሐፍ፣ 108ቱም ምዕራፎች ሳይጎድሉ ዛሬ የሚገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል፤ ቤተ እስራኤልም በግእዝ ሲያነብቡት ኖረዋል። ገልባጮቹ አርዲስን ሳያስተካክሉ እንዳቆዩት ሁሉ፣ በትክክል የደረሳቸውንም በትክክል አቆይተዋል። የወረዱት መላእክት በአራማይኩ «ዒሪን»፣ በግሪክኛው «ኤግሬጎሮይ»፣ በግእዙ «ትጉሃን» ይባላሉ፤ ሦስቱም ቃላት የማይተኙ፣ ነቅተው የሚጠብቁ ማለት ናቸው።