የሌሉ ገበሬዎች

ሰሞኑን የቡና ርክክብ መመዝገቢያ ሲስተም እየሠራሁ ነው። ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ኮሳና ከጌራ ወረዳዎች ገበሬው እሸት ቡናውን ሲያስረክብ ስሙ፣ ቀኑ፣ ኪሎውና ዋጋው ይመዘገባል። በለቀማ ወቅት ጫናውን ይችል እንደሆነ ለማየት 10 ሚሊዮን መስመር ዳታ ያስፈልገኛል። እውነተኛውን ፋይል ገልብጦ መሞከር ቀላል ነበር። ግን እዚያ ውስጥ የሰው ስም፣ ስልክና ገቢ አለ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ምን ይሠራል? ስለዚህ ዳታውን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በአጭር ስክሪፕት በዘፈቀደ እፈጥራለሁ።

ስክሪፕቱ ከዘገየ ሰው ይሰለቻል። የሰለቸ ሰው ደግሞ እውነተኛውን ፋይል ይገለብጣል። ፍጥነቱን አጥብቄ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ዛሬ ጅማ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነው። ቤት ተቀምጬ የትኛው የኮዱ ክፍል ጊዜ እንደሚበላ የሚለካውን ፕሮፋይለር አስነሳሁ። ሳይለኩ ኮድ መነካካት አልወድም። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዲስኩን ነው። ፓይተን ግን ጽሑፉን እያጠራቀመ ስለሚጽፍ፣ ፋይሉን በየመስመሩ ከፍተን ካልዘጋነው ዲስኩ ያን ያህል አያስቸግርም። ጊዜውን የሚበላው ቀንን ወደ ጽሑፍ መቀየሩ ነበር። ዓመቱ 365 ቀን ነው። ታዲያ ያንኑ ቀን 10 ሚሊዮን ጊዜ መቀየር ለምን? ሁሉንም ቀኖች አስቀድሜ ጽፌ ዝርዝር ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ከዚያ በኋላ መምዘዝ ብቻ ነው። እንደዚህች ለውጥ ያስደሰተኝ የለም።

ቀጥሎ ራንድኢንት፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል በዘፈቀደ ሙሉ ቁጥር የሚሰጠው የፓይተን ፈንክሽን። ቁጥር ከመስጠቱ በፊት ራንድሬንጅ የሚባል ሌላ ፈንክሽን ይጠራል፤ እሱም የተሰጠውን ፈትሾ ሌላ ፈንክሽን ይጠራል። ከ0 እስከ 1 ባለው ውስጥ ቁጥር የሚሰጠው ራንደም የሚባለው ፈንክሽን ግን ሲ በሚባለው ፈጣን ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ወዲያው ይመልሳል። ውጤቱን አባዝቶ ወደ ሙሉ ቁጥር መቀየር ለኪሎ ይበቃል። ወረዳዎቹን ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ባለው፣ ከዝርዝር በዘፈቀደ በሚመርጠው ቾይስስ በአንድ ጥሪ በሺዎች አወጣለሁ። ብዙ ቡና ለሚመጣበት ወረዳ ከፍ ያለ ክብደት መስጠትም ይቻላል። ለብቻው የሚጫነው የስሌት ላይብረሪ ነምፓይ ከዚህም ይፈጥናል። ግን ስክሪፕቱ ፓይተን ብቻ ባለው ማሽን ሁሉ እንዲሠራ ስለምፈልግ ተውኩት።

ስሞቹ ላይ ቆየሁ። ተራ ቁጥር መስጠት ፈጣን ነው፤ ፈተናው ግን ጎደሎ ይሆናል። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የጽሑፍ ማከማቻ ዘዴ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ በቁቤ (በላቲን ፊደል) የተጻፈ ስም ደግሞ በፊደል 1 ባይት ነው። ሲስተሙ ሁለቱንም መቻል አለበት። ስለዚህ ክፍለ-ቃላትን እያገጣጠምኩ የማንም ያልሆኑ ስሞች በሁለቱም አጻጻፍ አዘጋጀሁ። ይሄም እንደ ቀኖቹ አንዴ ተሠርቶ የሚመዘዝ ነው።

የዘፈቀደ ቁጥሮቹ የሚነሱበትን መነሻ ቁጥር፣ ሲዱን፣ ቋሚ አደረግኩት። አዲስ አበባ ያለችው ባልደረባዬ ስህተት ካገኘች ከባዱን ፋይል መላላክ አይጠበቅብንም። ስክሪፕቱና የፓይተን ቨርዥናችን አንድ እስከሆነ ድረስ ሲዱን በስልክ ትነግረኛለች፣ እዚህ ያው ፋይል ይወጣል።