የተቋሙ እሴትና የቅርብ ኃላፊዬ

«ታካሚን ማስቀደም፣ መከባበር፣ ታማኝነት» የሚሉ ቃላት በሆስፒታል መግቢያ ላይ በትልቁ ተጽፈው እያየሁ ለዓመታት አልፌያለሁ። ተቋሙ የሚያምንበት ነገር እኔ ከማምንበት ጋር መስማማት አለመስማማቱን የማውቀው ግን ከግድግዳው ሳይሆን ከቅርብ ኃላፊዬ ነው። የበላይ አመራሩን የማገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ ኃላፊዬ ግን የተረኞችን ድልድል ሲያወጣ፣ በጠዋት ስብሰባ ሲጠይቅና ስሕተት ሲፈጠር ሲቆጣ ወይም ሲታገሥ በየቀኑ አያለሁ።

በአንድ ወቅት የነበረን ኃላፊ ስብሰባውን የሚከፍተው «ስንት አልጋ ተለቀቀ?» ብሎ ነበር። አልጋ የሚጠብቅ ሌላ ሕመምተኛ ስላለ ጥያቄው በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ሆኖም ሌላ ጥያቄ ስለማይከተለው፣ ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ ነገሩን ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት የቆየ ሐኪም ሥራ እንደፈታ ይቆጠር ጀመር። እርሱን የተካችው ኃላፊ፣ አንድም ሐኪም ሳይጨመርላት፣ «ሌሊቱን ያሳሰባችሁ ታካሚ ማን ነው?» ብላ ትጀምር ነበር። የመድኃኒት መጠን ተሳስቼ የነገርኳት ዕለት አስቀድማ የጠየቀችኝ ታካሚው እንዴት እንደሆነ፣ ቀጥላም ለእርሱ ተነግሮት እንደሆነ ነው። «ታማኝነት» የሚለው ቃል ትርጉም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው፣ ማዮ ክሊኒክ የተባለው የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ባካሄደው ጥናት 2,813 ሐኪሞች የተሳተፉ ሲሆን፣ የቅርብ ኃላፊዎች አመራር ከ60 ነጥብ ተመዝኖ፣ እያንዳንዱ የአንድ ነጥብ ብልጫ በሥራ ብዛት የመዛልና የመሰላቸት ዕድል በ3.3 በመቶ ከመቀነሱ፣ በሥራ የመርካት ዕድልም በ9 በመቶ ከመጨመሩ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እርግጥ ነው፣ በሥራው የረካ ሐኪም ለኃላፊው ከፍ ያለ ነጥብ ሊሰጥ ስለሚችል ቁጥሩ ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አይለይም። በሥራ መዛልን ያጠኑት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ክርስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር ግን ሰውን ከሥራው ጋር ከሚያስማሙ ወይም ከሚያጋጩ ስድስት ነገሮች መካከል እሴትን ከሥራ ጫናና ከፍትሐዊነት ጎን አስቀምጠውታል፤ ከክፍላችን ያየሁትም ይህንኑ ነው።

ያችው ኃላፊ ለሌሊት ተረኛ አንድ ሐኪም እንዲጨመር ጠይቃ ተከለከለች፤ ምን እንደጠየቀችና ምን እንደተመለሰላት ሳትደብቅ ነገረችን። ከዚያ ወዲህ «እኛ» ስል ክፍላችንን እንጂ ሆስፒታሉን ማለቴ እንዳልሆነ አስተዋልኩ።