ትልቅ ዘረፋ ሲጀመር አድሚን የት ይቁም?

ማታ 3 ሰዓት፣ የጂቲኤ 5 ሮልፕሌይ ሰርቨሩ (ተጫዋቹ ካራክተር፣ ማለትም ገጸ ባሕርይ፣ ሆኖ ታሪክ የሚሠራበት) ጢም ብሎ ሞልቷል። የጌሙ ትልቁ ባንክ፣ ፓስፊክ ስታንዳርድ፣ ውስጥ ስድስት ዘራፊና ሁለት ታጋች፣ ውጭ ደግሞ አስር ፖሊስ አለ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ አራት ሪፖርት ይገባል፦ «ያለምክንያት ገደለኝ»፣ «ታጋቹ የራሳቸው ጓደኛ ነው»፣ «ፖሊሱ ከዲስኮርድ ሰምቶ ነው የመጣው» (ዲስኮርድ ከጌሙ ውጭ ያለ መነጋገሪያ ነው)፣ «መኪናው ተሰወረብኝ»። አዲስ አድሚን ይህን ሲያይ እጁን ይበላዋል። ቴሌፖርት አድርጎ መሃል ይገባል፣ ሁሉንም ያስቆማል፣ ይጠይቃል፣ ይፈርዳል። ሃያ ያህል ሰው አርባ ደቂቃ የለፋበት ሲን (የጋራ ትዕይንት) እዚያው ይሞታል። ከአራቱ ሪፖርት ሦስቱ ግን በማግስቱ ክሊፕ አይቶ በጥቂት ደቂቃ የሚፈታ ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የጂቲኤ 5 ሰርቨርን በፋይቭኤም (ጌሙን በግል ሰርቨር ለመጫወት በሚያስችለው ፕሮግራም) ለሚያስተዳድሩ ስታፎች ነው። ሰርቨሩ በኢኤስኤክስ ይሠራ በኪውቢኮር (ሰርቨር የሚገነባባቸው ሁለት የኮድ መሠረቶች)፣ ችግሩ ያው ነው። ትልቅ ሲን የምለው ፓስፊክን፣ ፓሌቶ ቤይ ያለውን ባንክ፣ የቫንጀሊኮ ጌጣጌጥ ቤትን፣ ከቦሊንግብሮክ እስር ቤት እስረኛ ማስመለጥንና የባለሥልጣን እገታን ነው። የትንሹ ባንክ የፍሊካ ቅርንጫፍ ወይም የሰፈር ሱቅ ዘረፋ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ እሱን ተራ የሪፖርት አሠራር ይበቃዋል።

ሥራው ተኩስ ከመጀመሩ በፊት ያልቃል፤ ቢያንስ ማለቅ ነበረበት። ዋናው ነገር የፖሊስ ቁጥር ነው። የኪውቢኮር የባንክ ዘረፋ ስክሪፕት ለፍሊካ፣ ለፓሌቶና ለፓስፊክ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የፖሊስ ቁጥር ኮንፊግ (ማስተካከያ) ፋይሉ ላይ ለየብቻ ይቀበላል፤ የኢኤስኤክስ የሱቅ ዘረፋም ተመሳሳይ መስመር አለው። ብዙ ሰርቨር ቁጥሩን አስገብቶ ይረሳዋል። ስክሪፕቱ የሚቆጥረው ተረኛ ሆኖ የገባውን ሁሉ ነው፤ ያ ፖሊስ ሌላ ሲን ላይ ይሁን፣ ሆስፒታል ተኝቶ ይሁን፣ ጣቢያ ቁጭ ብሎ ሪፖርት ይጻፍ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ስምንት ፖሊስ ተቆጥሮ ባንኩ ይከፈታል፣ በር ላይ የሚደርሱት ግን ሦስት ናቸው። እኔ የማምንበት መፍትሔ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አንድ ትልቅ ሲን ሲጀመር የሌሎቹ ትልልቅ ቦታዎች ሁሉ መክፈቻ ለ45 ደቂቃ ያህል አብሮ ይቆለፍ። ሁለተኛ፣ ለፓስፊክ ዝቅተኛው ቁጥር ከዘራፊዎቹ ጣሪያ በሁለት ይብለጥ፤ ዘራፊ እስከ ስድስት ከተፈቀደ ፖሊስ ስምንት።

የሰርቨሩ ሪስታርትም አለ። ሰርቨር ማስተዳደሪያው ቲኤክስ አድሚን የታቀደ ሪስታርትን 30፣ 15፣ 10 እና 5 ደቂቃ ሲቀረው ያስታውቃል፤ ከዚያ በየደቂቃው። ማስታወቂያው ለተጫዋች ብቻ አይደለም፤ ስክሪፕት ሊያዳምጠው የሚችል ኢቨንትም (የኮድ ምልክት) አብሮ ይሰራጫል፣ የቀረውን ጊዜም በሰከንድ ይነግራል። ያንን የሚሰማና 30 ደቂቃ ሲቀር የባንኮቹን መክፈቻ የሚዘጋ ጥቂት መስመር ኮድ ማስጻፍ ከሃያ ቲኬት (ለስታፍ ከሚጻፍ ማመልከቻ) ያድናል። ዘራፊዎች ካዝናውን ከፍተው ገንዘቡን በሻንጣ እየሞሉ ሰርቨሩ ቢዘጋ ማን አሸነፈ ሊባል ነው?

እስረኛ ለማስመለጥና ባለሥልጣን ለማገት ደግሞ ቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ይሁን። ቲኬቱ ረጅም አያስፈልገውም፦ ስንት ሰው፣ የት፣ ለምን፣ ምን ሊጠይቁ፣ የሚታገተው ሰው ሌሊቱን እስከ ስንት ሰዓት መቆየት ይችላል። የመጨረሻዋን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሏታል። በማግስቱ ሥራ ያለው ሰው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ታግቶ ከተቀመጠ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ሲኑም ያለታጋች ይቀራል።

ሲኑ ከተጀመረ ሁለት ስታፍ ይበቃል። አንዱ ሲኑን ይይዛል፣ ሌላው ቲኬት ብቻ ይቀበላል። የሁለቱም ካራክተር ሲኑ ውስጥ መኖር የለበትም፤ የወንድማቸው ጋንግም ቢሆን። ቲኬት የሚቀበለው ሰው መልስ አንድ ዓይነት ነው፦ «ደርሶናል፣ ክሊፕህን አስቀምጥ፣ ሲንህን ጨርስ።» ከዚያ በላይ አንድ ቃል ከተናገረ ክርክር ጀመረ ማለት ነው፤ ክርክር የገባ ዘራፊ ደግሞ ታጋቹን ረስቶ ይተይባል።

ሲኑን የሚይዘው አድሚን ስፔክቴት እያደረገ (ሳይታይ ተጫዋቹን ተከትሎ እያየ) ይከታተላል። እዚህ ላይ ቴክኒኩን ማወቅ ይጠቅማል። ዋንሲንክ ኢንፊኒቲ (ብዙ ተጫዋች እንዲገባ የሚያስችለው የፋይቭኤም አሠራር) በበራበት ሰርቨር አንድ ተጫዋች የሚያየው በዙሪያው ያለውን ብቻ ነው፣ በግምት 424 ሜትር። ስፔክቴት ስታደርግም የምታየው የምትከታተለውን ሰው ዙሪያ ነው። ከዚያ ርቆ የቆመ መኪና ወይም ሄሊኮፕተር አንተ ጋ አይታይም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም። «አድሚን አይቷል፣ ምንም አልነበረም» ተብሎ የተሰጠ ፍርድ በዚህ ምክንያት ስንቴ እንደተሻረ ቤቱ ይቁጠረው። አንድ ሰው ላይ ተተክሎ መቆየትም አይበጅም። ከዘራፊ ወደ ተደራዳሪ፣ ከተደራዳሪ ወደ ውጭው ፖሊስ በየሁለት ሦስት ደቂቃው መቀያየር ነው። ቀረጻ ሁልጊዜ ይብራ፤ የመቅረጫው ፕሮግራም የኦቢኤስ ሪፕሌይ በፈር (ያለፈውን ጊዜ ወደኋላ የሚያስቀምጠው) 20 ሰከንድ ላይ ከተተወ ጥቅም የለውም፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይሁን። ድምፅም አብሮ መግባቱን ቀድሞ መሞከር፤ ድምፅ የሌለው ክሊፕ የድርድር ሲን ላይ ምንም አይመሰክርም።

የድምፅን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም የግማሹ ክርክር ሥር እዚህ ነው። ብዙ ሰርቨር የሚጠቀመው የድምፅ ስክሪፕት፣ ፒኤምኤ ቮይስ፣ ሳይነካ ሲተው ሦስት እርቀት አለው፦ ሹክሹክታ 3፣ መደበኛ 7፣ ጩኸት 15 ሜትር። አሁን ይህን አስቡት። ፖሊስ ከመኪናው በር ጀርባ ሆኖ «እጅ ወደ ላይ!» ይላል። ዘራፊው ከባንኩ ደረጃ ይወርዳል፣ አይቆምም፣ ይተኮስበታል። ዘራፊው «ማስጠንቀቂያ ሳይሰጠኝ ገደለኝ» ይላል፤ ፖሊሱ ማስጠንቀቁን በክሊፕ ያሳያል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። የፖሊሱ ማይክ በመደበኛ ላይ ነበረ፣ በመሃላቸው ያለው ርቀት 10 ሜትር ገደማ ነው፣ ድምፁ ዘራፊው ጋ አልደረሰም። የዘራፊው ክሊፕ ላይ ጸጥታ ነው። እዚህ ባን (ከሰርቨር መታገድ) የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም። ፖሊሱ ጩኸት ላይ ማድረግ እንዳለበት ይነገረዋል፣ አለቀ። የሁለቱን ክሊፕ ሳያይ የፈረደ አድሚን ግን አንዱን ያለጥፋቱ ይቀጣል።

ሲን ማስቆም የሚገባው መቼ ነው? በኔ ግምት ሦስት ጊዜ ብቻ። ቺት (የማጭበርበሪያ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ሲገባ፤ ሰርቨሩ ራሱ ሲበላሽ፣ ማለትም ከተሳታፊው ሲሶው አንድ ላይ ሲወድቅ ወይም የሁሉም መኪና ባለበት ሲንቀጠቀጥ፤ ሰው ከካራክተሩ ወጥቶ በዘር፣ በሃይማኖት ወይም በጾታ እውነተኛውን ሰው መስደብና መተንኮስ ሲጀምር። ሦስተኛው ላይ አንድ ሰከንድ አይታሰብም፣ ለምርመራም አይጠበቅም፤ ሰውየው ይነሳል፣ ሲኑ ይቀጥላል። ያለምክንያት መግደል፣ በመኪና መግጨት፣ ሽጉጥ ግንባሩ ላይ ተደቅኖ አለመፍራት ግን ሲን ማስቆሚያ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑም ለኋላ ይቆያሉ።

ማስቆም ካለበት ደግሞ በአግባቡ ይቁም። ማስታወቂያው አጭር ይሁን፦ «የፓስፊክ ሲን ለአፍታ ቆሟል። ሁሉም ባለበት፣ መሣሪያ ይውረድ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ማይክ ይዘጋ። 5 ደቂቃ።» አድሚኑ ወዲያው የሁሉንም ቦታ በስክሪንሾት ይይዛል፣ ማን ምን ያህል ደም እንደቀረው ጭምር። ሲቀጥል ከቆመበት ነው እንጂ ከመጀመሪያ አይደለም። «እንደገና እንጀምረው» የሚባለው መፍትሔ አይሠራም፤ ሁሉም የሌላውን ዕቅድ አውቆታልና ሁለተኛው ዙር ሙሉ በሙሉ ሜታጌሚንግ (ካራክተሩ ሊያውቀው የማይችለውን ተጫዋቹ አውቆ መጠቀሙ) ነው። አምስቱ ደቂቃ ካለፈና ካልተፈታ ሲኑ ይሰረዝ።

ሲሰረዝ የሚያስቸግረው ዕቃው ነው። የጠፋ መሣሪያ፣ የተቃጠለ ቴርማይት (የባንክ በር ማቅለጫ)፣ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚመለሰው ከኢንቬንተሪ ሎግ (ሰርቨሩ ማን ምን ዕቃ እንደያዘ ከሚመዘግበው) እንጂ ከሰው ቃል አይደለም። «አራት ጠመንጃ ነበረኝ» ያለው ሁሉ አራት ቢሰጠው የሰርቨሩ ኢኮኖሚ በወር ውስጥ ይናጋል። ሎግ ከሌለ አይመለስም፤ ይህ ሕግ ላይ ቀድሞ ይጻፍ።

ሜታጌሚንግ ክስ ሲመጣ ብዙዎች መጀመሪያ ዲስኮርድ ይከፍታሉ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ስክሪፕቱ ነው። ባንኩ በር ላይ ቴርማይት ሲነድ ለተረኛ ፖሊስ ሁሉ አላርም በራሱ ይሄዳል፣ ካርታ ላይ ምልክት ይወጣል። «በአንድ ደቂቃ እንዴት ደረሰ?» የሚለው ክስ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። አላርም ያልሰማ ሲቪል በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው የኋላ በር ሲደርስ ግን ሌላ ነው። እሱ ይጠየቅ፦ ካራክተርህ ይህን ከማን ሰማ፣ በስልክ ወይስ በሬዲዮ፣ በስንት ሰዓት? ሦስቱንም የሚመልስ ሰው በሎግ ይረጋገጣል። ከዘራፊዎቹ አንዱ ላይቭ እያስተላለፈ ከነበረ የላይቩን መዘግየትና የሰውየውን መነሻ ሰዓት ማነጻጸር ነው።

መውጣትስ? ሊያዝ ሲል ከሰርቨሩ የወጣን ሰው ሎጉ ብቻውን አይፈርድበትም። ራሱ ዘግቶ የወጣ፣ ጌሙ ክራሽ ያደረገበትና ግንኙነቱ የተቋረጠበት በሎግ ላይ ይለያያሉ። ችግሩ ሦስተኛው ነው፦ መብራት የሄደበትም የኢንተርኔት ገመዱን በእጁ የነቀለም እኩል ግንኙነት እንደተቋረጠ ሆነው ነው የሚጻፉት። አዲስ አበባ ሆኖ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ የሚጫወት ሰው መብራት ሲሄድበት ምን ሊያደርግ ይችላል? ስለዚህ የ15 ደቂቃ ሕግ ይሻላል። ከተመለሰ ወይም በስልኩ ዲስኮርድ ላይ ካሳወቀ ወደ ሲኑ ይገባል፤ ካልሆነ እንደተያዘ ይቆጠራል። መብራቱ ሁልጊዜ ካቴና ሲገባለት ብቻ የሚሄድበት ሰው ካለ ታሪኩ ራሱ ይናገራል።

አንድ ስታፎችን የሚያሳስት ነገር አለ፤ የተሰበረ ስምምነት። ተደራዳሪው «አንድ ታጋች ከለቀቃችሁ መንገድ ነፃ ነው» ይላል፣ ታጋቹ ይለቀቃል፣ መኪናው ሲወጣ አንድ ፖሊስ ጎማ የሚበሳ እሾህ ያነጥፋል። ዘራፊዎቹ አድሚን ይጠራሉ። እሾሁን ያነጠፈው ፖሊስ ዘግይቶ የደረሰ፣ ስምምነቱ በሬዲዮ ሲነገር ሌላ ቻናል ላይ የነበረ ሊሆን ይችላል። ይህ የሕግ ጥሰት አይደለም፣ የፖሊስ ክፍሉ የውስጥ ስህተት ነው፤ ደግሞ በጣም ጥሩ ታሪክ ነው። አዛዡ በካራክተር ይጠይቀው፣ ዘራፊዎቹም ሌላ ጊዜ ያንን ተደራዳሪ አይመኑት። አድሚን እዚህ ገብቶ መኪናውን ከጠገነ ታሪኩን ገደለው። ፖሊሱ ሰምቶ፣ አውቆ፣ «ባክህ ጌም ነው» ብሎ እንደሆነ ግን ክሊፑ ላይ ድምፁ ይኖራል።

ፍርዱ ማታውኑ አይሰጥ። ሁለቱም ወገን ክሊፕ ለማምጣት 24 ሰዓት ይኑረው፤ ክሊፑ ከክስተቱ ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይጀምር። ተኩሱ ላይ ብቻ ተቆርጦ የሚመጣ ክሊፕ ሁልጊዜ ላኪውን ነው ንጹሕ የሚያደርገው። ውሳኔው በሦስት መስመር ይጻፍ፦ ምን ሆነ፣ የትኛው ሕግ፣ ቅጣቱ ምን። ካራክተር መግደል (ገጸ ባሕርዩን ለዘለቄታው ማጥፋት) የቅጣት ዓይነት አይሁን፤ እሱ የታሪክ ውጤት ነው።

ስታፉን ራሱን የሚጠብቀውስ ማን ነው? ቲኤክስ አድሚን ላይ እያንዳንዱ አድሚን የራሱ አካውንት ይኑረው፣ የጋራ ፓስወርድ አይኑር፣ ፈቃዱም ለሥራው የሚበቃው ብቻ ይሁን። ማን ማንን ስፔክቴት እንዳደረገ፣ ማን ኖክሊፕ (በግድግዳ አልፎ መብረሪያ) እንዳበራ ሎጉ ላይ አለ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሌላ ሰው ያንብበው። ከትልቅ ሲን በፊት በነበሩት 10 ደቂቃዎች ውስጥ ኖክሊፕ አብርቶ ባንኩን ዞሮ፣ ከዚያ በፖሊስ ካራክተሩ ተረኛ ሆኖ የገባ ስታፍ ካለ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው።