ላላ ያለ ሹሩባ

ዛሬ ዝናቡ እንዳባራ ልጄን ይዤ ጅማ ሄርማታ ሰፈር ሹሩባ ልናሠራ ሄድን። የድሮውን ሹሩባ ጠዋት ቤት ውስጥ ስፈታላት ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። ጆሮዋ አጠገብ ፀጉሯ ሳስቷል። በየጉንጉኑ ሥር ነጫጭ ትንንሽ ጉብታዎች ወጥተዋል።

"እማዬ፣ ሲሠሩኝ እኮ ያመኝ ነበር" አለችኝ። "ቻል አድርጊው" ያልኳት እኔው ነኝ።

በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍ ያለ ነው። የግንባር ዳር ሲሳሳ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥብቅ ሹሩባ የፀጉሩን ሥር ሌት ተቀን ይጎትታል። በጊዜ ላላ ካደረግነው መልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ያኔ ቅቤም ቅባትም አይመልሰውም። (ቅቤ ፀጉር ያለሰልሳል፤ እኔም እወደዋለሁ። ፎረፎር ላለበት ራስ ግን ቅባት ያባብሳል።)

ሠሪዋን "እትዬ፣ እባክዎ ላላ አድርገው፤ ዳር ዳሩን ደግሞ ይተዉላት" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ከላላ እኮ በሳምንቱ ይፈርሳል።"

"ይፍረስ፤ እንደገና እንመጣለን።"

ሳቅ አሉና ወፈር ወፈር አድርገው ሠሩላት። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው፤ የሳሳው እስኪሞላ ወራት እንጠብቃለን። ካልተመለሰ የቆዳ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ።

ድሮ ሹሩባ በተሠራች ማታ ራሷን ትራስ ላይ ማሳረፍ ያቅታት ነበር። አሁን አጠገቤ ጭልጥ ብላ ተኝታለች።